የፊልም ጽሑፍ፦ ከትዕይንት ካርድ እስከ ውል ፊርማ (ጥያቄና መልስ)

ጥያቄ፦ ታሪኩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጭንቅላቴ ውስጥ አለ። በቀጥታ ትዕይንት መጻፍ ልጀምር?

መልስ፦ ቆይ ወንድሜ። መጀመሪያ በሁለት ዐረፍተ ነገር ጻፈው፦ ማን ነው፣ ምን ይፈልጋል፣ ምን አገደው። በሁለት ካላለቀ ገና አልበሰለም። ከዚያ አንድ ገጽ ሲኖፕሲስ (የታሪኩ ማጠቃለያ)፣ ፍጻሜውን ሳትደብቅ። ቀጥሎ የትዕይንት ካርድ፣ ለእያንዳንዱ ትዕይንት አንድ ካርድ፤ ለ100 ደቂቃ ፊልም ከ50 እስከ 70 ካርድ ይበቃል። በእያንዳንዱ ላይ ቦታውንና የተለወጠውን ነገር ብቻ አስፍር። ካርዱ ላይ «ይጨዋወታሉ» ከማለት ሌላ የምትጽፈው ካጣህ ትዕይንቱን አውጣው። ብዙ ጀማሪ 30ኛው ገጽ ላይ የሚቆመው ተሰጥኦ አንሶት ሳይሆን የመሐሉን ክፍል ሳያስብበት ስለገባ ነው።

ጥያቄ፦ አንድ ዳይሬክተር «ይሄ ልብ ወለድ ነው» ብሎ መለሰልኝ። ምን ማለቱ ነው?

መልስ፦ ካሜራ የማያየውን ጽፈሃል ማለቱ ነው። ለምሳሌ፦ «ሰላም ያጠራቀመችውን ብር አባቷ እንደወሰደባት ታውቃለች፤ በጣም ከፍቷታል፤ ልትናገረው ግን አልደፈረችም።» ማወቅም መከፋትም አይቀረጽም። ያንኑ እንዲህ ማድረግ ይቻላል፦

ውስጥ፣ የሰላም ቤት ሳሎን፣ ጠዋት
ሰላም ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ የወተት ጣሳ ታወርዳለች። ትከፍተዋለች። ባዶ ነው። ክዳኑን ገጥማ ቦታው ትመልሰዋለች። አባቷ በሩ ጋ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ያስራል።
ሰላም፦ አባዬ፣ የታክሲ አለህ?
አባት (ቀና ሳይል)፦ አለኝ።

አሁን ተዋናዩም ካሜራማኑም የሚሠሩት አገኙ። ሌላው ብዙ ጊዜ የሚበላሸው የትዕይንቱ ርዕስ ነው፤ ከላይ «ውስጥ፣ የሰላም ቤት ሳሎን፣ ጠዋት» የሚለው መስመር። ያው ቤት አንድ ገጽ ላይ «የሰላም ቤት»፣ ሌላው ላይ «የአባቷ ቤት» ከተባለ ፕሮዳክሽን ማናጀሩ ሁለት ሎኬሽን (የቀረጻ ቦታ) ይቆጥራል፤ በጀቱም በዚያው ይሰላል። ስም አትቀያይር።

ጥያቄ፦ አንድ ገጽ አንድ ደቂቃ ነው ይባላል። የእኔ 85 ገጽ ነው።

መልስ፦ ያ ልኬት ኩሪየር በሚባል ፊደል፣ በ12 መጠን ለሚጻፍ የእንግሊዝኛ ገጽ የወጣ ግምት ነው። በግዕዝ ፊደል አንዱ ፎንት ጠበብ፣ ሌላው ሰፋ ስለሚል የራስህን ልኬት አውጣ። ሰዓት ይዘህ 10 ገጽ ጮክ ብለህ አንብብ፣ ድርጊቱንም በልኩ እየጠበቅህ። 14 ደቂቃ ከወሰደ 85 ገጽህ 119 ደቂቃ ነው፤ መቁረጥ አለብህ። ስትልክም በፒዲኤፍ ላክ። በዎርድ የተላከ ጽሑፍ ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ገጹ ይገለባበጣል፣ ቀረጻ ቦታ ላይ ሁሉም የተለያየ ገጽ ይዞ ይጨቃጨቃል።

ጥያቄ፦ ምልልሴ ደረቅ ነው ይሉኛል። እንዴት ላሻሽለው?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ሁለቱም የሚያውቁትን ነገር ለተመልካቹ ብለው የሚነጋገሩበትን ሰርዢ። «አንተ እኮ ታናሽ ወንድሜ ነህ» የሚል ወንድም የለም።

ቀጥሎ አማርኛ የሰጠሽን መሣሪያ ተጠቀሚ። አከራዩን ፊልሙን ሙሉ «እርስዎ» ሲል የቆየ ተከራይ አንድ ቀን «አንተ» ካላቸው ጠቡ ፈነዳ ማለት ነው፤ ስድብም ጩኸትም አያስፈልግሽም። ይህ የሚሠራው ግን እስከዚያች ቅጽበት ድረስ ከተጠነቀቅሽ ብቻ ነው። ስለዚህ መጻፍ ከመጀመርሽ በፊት ማን ማንን ምን ብሎ እንደሚጠራ በአንድ ገጽ አውጪ፦ አንተ፣ አንቱ፣ እርስዎ፣ ጋሼ፣ እትዬ። ጽሑፉ ላይ ከተዘበራረቀ ተዋናዮቹ እንደመሰላቸው ያስተካክሉታል፣ ያስቀመጥሽው ጥይትም ያለ ጊዜው ይተኮሳል።

ደግሞ ግሣችን መጨረሻ ላይ እንደሚመጣ አትርሺ። «ብሩን እኮ እኔ…» ላይ የተቋረጠ ሰው ወስዶት ይሁን መልሶት አይታወቅም። ጥርጣሬ ለመትከል ከዚህ የተሻለ የለም። ተመልካቹ የግድ መስማት ያለበትን ግን ግሡ ሳይደርስ አታስቋርጪው።

ጥያቄ፦ ፕሮዲውሰር ጽሑፉን ላክልኝ አለኝ። ሐሳቤን ቢወስደውስ?

መልስ፦ ሐሳብ ብቻውን ጥበቃ የለውም፤ የሚጠበቀው የተጻፈው ሥራ ነው። በኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት መብቱ የሚገኘው በምዝገባ ሳይሆን ሥራው ሲፈጠርና ሲጻፍ ነው። ቢሆንም አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ዘንድ አስመዝግበው፣ ክርክር ሲነሳ ማስረጃ ይሆንሃል። መጀመሪያ ሲኖፕሲሱን ብቻ፣ ቀኑ እንዲታወቅ በኢሜይል ላክ። ካፌ ቁጭ ብለህ በቃል የተረክኸውን ማንም አይመልስልህም።

ጥያቄ፦ አሜሪካ ሆኜ ነው የምጽፈው። የት ላስመዝግብ?

መልስ፦ በአሜሪካ የቅጂ መብት ቢሮ። እዚያ የተሠራ ሥራ ላይ ክስ ለመመሥረት ምዝገባው ይጠየቃል።

ጥያቄ፦ ውሉ ውስጥ ምን ይግባ?

መልስ፦ እባካችሁ ይህን በጥሞና አንብቡት። በትእዛዝ የምትጽፉ ከሆነ ሌላ ስምምነት ከሌለ የኢትዮጵያ ሕግ የኢኮኖሚ መብቱን (በሥራው ገንዘብ የማግኘት መብቱን) ሥራውን ላዘዘው ሰው ይሰጣል። ዝም ያለ ሰው ሰጠ ማለት ነው። ለራሳችሁ የምታስቀሩትን በስም ጥሩ፦ ዩቲዩብ፣ ቴሌቪዥን፣ ወደ ሌላ ቋንቋ መመለስ፣ ክፍል ሁለት። «ለማንኛውም አገልግሎት» የሚል ሐረግ ካያችሁ አትፈርሙ።

ክፍያውን በሦስት ከፋፍሉት፤ ለምሳሌ 30 በመቶ ሲፈረም፣ 40 የመጀመሪያው ረቂቅ ሲደርስ፣ 30 የመጨረሻው ሲገባ። የመጨረሻውን «ፊልሙ ሲመረቅ» አታስብሉት፤ ተቀርጾ ኤዲቲንግ ላይ የሚቀር ፊልም አለ፣ ገንዘባችሁም አብሮ ይቀራል። ማሻሻያው ሁለት ጊዜ ይሁን፣ ሦስተኛው ተጨማሪ ክፍያ እንዳለው ይጻፍ። ስማችሁ በፊልሙ መግቢያና በፖስተሩ ላይ እንዲወጣም አስገቡ።

ጥያቄ፦ በፊልም ጽሑፍ ብቻ መኖር ይቻላል?

መልስ፦ በፊልም ብቻ ይከብዳል፤ በሁለት ሥራ መሐል ያለው ጊዜ ረጅም ነው። ተከታታይ ድራማ በክፍል ስለሚከፍል ወርኃዊ ገቢ ይሰጣል። ቀረጻ ሳይጀመር ቢያንስ 6 ክፍል አስቀድመህ ጨርስ፤ አለዚያ አንድ ሳምንት ስትታመም ሙሉ ቡድን ይቆማል። ውሉም ክፍያው «በተላለፈ ክፍል» ሳይሆን «በተረከቡት ክፍል» ይበል።