ጂኑ «ይሄዳል»፣ «ይወሰዳል» ወይስ «ይያዛል»?

ጥያቄ፦ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ለተማሪዎቼ በአማርኛ ማስታወሻ እያዘጋጀሁ ነው። በእርሾ ሴል ውስጥ ሥራ የጀመረ ጂን ከኒውክሊየሱ ቀዳዳዎች አጠገብ እንደሚገኝ ለመግለጽ «ወደ ቀዳዳው ይሄዳል» ብዬ ጻፍኩ። ባልደረባዬ «ይወሰዳል በል» አለኝ። የቱ ነው ትክክል?

መልስ፦ እኔ ሁለቱንም አልመርጥም። «ይያዛል» ይበሉ። ይህ የ«ተ» ግሥ ነገር ሁሌም የሚያከራክረኝ ጉዳይ ነውና ትንሽ ይታገሡኝ።

በመጀመሪያ ነገሩን ራሱን እንየው። ኒውክሊየስ ጂኖቹ የሚገኙበት የሴሉ ክፍል ነው፤ ቀዳዳዎቹም ዳሩ ላይ፣ በሽፋኑ ላይ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1985 የሴል ባዮሎጂ ተመራማሪው ጊንተር ብሎቤል አንድ መላምት አቀረበ። ሥራ ላይ ያሉ ጂኖች ከኒውክሊየሱ ቀዳዳዎች ጋር ይገናኛሉ፣ ቅጂያቸውም በዚያው ይወጣል የሚል ነበር። በእርሾ ላይ ጥሩ ማስረጃ የተገኘው ግን በ2004 ነው። ኢኖ1 የሚባለውን ጂን እንውሰድ። ሴሉ ኢኖሲቶል የተባለውን ንጥረ ነገር የሚሠራው በእሱ ነው። ኢኖሲቶል በምግቡ ውስጥ ካለ ጂኑ ዝም ይላል። ያኔ በማይክሮስኮፕ ሲታይ፣ ዳር ላይ የሚገኘው ከመቶ 30 ገደማ በሚሆኑት ሴሎች ብቻ ነው። ኢኖሲቶሉ ሲነሣ ጂኑ ይነቃል፤ ቁጥሩም ወደ 65 ይጠጋል። («ይጠጋል» አልኩ፤ እመለስበታለሁ።)

ከጂኑ አጠገብ 8 ፊደል ብቻ የምትረዝም የዲኤንኤ ቁራጭ አለች። ፑት3 የተባለ ፕሮቲን እሷ ላይ ይጣበቃል። ተመራማሪዎች ይህችን ቁራጭ ሌላ ቦታ ሲተክሏት፣ ያም ቦታ ዳር ላይ መገኘት ጀመረ። ታዲያ ወሳጁ ማን ነው? ወሳጅ አያስፈልግም። ክሮሞሶም ኒውክሊየሱ ውስጥ ያለ ዕረፍት ይዋልላል። ጂኑም አብሮ ሲዋልል ቀዳዳው ዘንድ ይደርሳል፤ ፕሮቲኖቹ እዚያው ያስቀሩታል። «ይሄዳል» ካልን ለጂኑ አቅጣጫና ዓላማ ሰጠነው። «ይወሰዳል» ካልን ደግሞ የሌለ ተሸካሚ ፈጠርን።

«በ‹ተ› የጀመረ ግሥ ሁሉ ተደራጊ ነው፤ ከጀርባው አድራጊ ይፈለግለት» የሚሉ አሉ። በፍጹም አልስማማም። «ተቀመጠ» ስንል ማን አስቀመጠው ብሎ የሚጠይቅ የለም። «ቀመጠ» የሚባል ግሥም አማርኛ ውስጥ የለም። «ተጠጋ»ም እንደዚያው ነው፤ የሚጠጋው ራሱ ባለቤቱ ነው። ስለዚህ «ጂኑ ይጠጋል» ብትሉ ሰዋስዉ አይጣላችሁም። የሚጣላችሁ ባዮሎጂው ነው። ዝም ያለውም ጂን እኮ ይጠጋል! ከመቶ 30 ያልኩት እሱ ነው፤ ደርሶ ይመለሳል። የነቃው የሚለየው ደርሶ በመቅረቱ ነው። እዚህ ላይ «ተያዘ» እውነተኛ ተደራጊ ነው፤ ያዡም ይታወቃል።

«ያዘ» ከግዕዙ «አኀዘ» የመጣ ነው፤ የጉሮሮ ድምፁ በአማርኛ ጠፍቷል። ግዕዙ «ጨበጠ» ብቻ ሳይሆን «ጀመረ» ማለትም ነው። ይህ ፍቺ ዛሬም አልሞተም፤ «ማልቀስ ያዘ» እንላለን። «ሥራ ያዘ» ደግሞ አለ። እንግዲህ ጂኑ ሥራ ሲይዝ ይያዛል፤ ከዚህ የተሻለ ግሥ ከየት ይመጣል? ሌላም ጥቅም አለው። ኢኖሲቶሉ ተመልሶ ጂኑ ሥራ ሲያቆምም፣ ለ3 ወይም ለ4 የሴል ትውልድ ያህል ዳር ላይ ይቆያል። «ተይዞ ይቆያል» ብለን እንጨርሰዋለን። «ሄዶ ይቆያል» ግን ሽርሽር የወጣ ያስመስለዋል።

ያልጠየቁኝን ልጨምር። «ቀዳዳ» የሚለው ቃል አይዋጥልኝም። ሥሩ «ቀደደ» ነው፤ የተቀደደ ነገር ይመስለኛል። ይሄ ግን ወደ 30 ከሚጠጉ የፕሮቲን ዓይነቶች፣ በስምንት ጎን ተመሳሳይ ሆኖ የተገነባ ነው። የሚገባውንና የሚወጣውንም ይመርጣል። ስለዚህ «በር» መባል ነበረበት። ግዕዝ ለበር «አንቀጽ» የሚል ግሩም ቃል ነበረው፤ ዛሬ ሕግና ሰዋስው ወስደውታል። በእርግጥ የመርፌን ቀዳዳ፣ የጆሮን ቀዳዳ ማንም አልቀደደውም፤ ማስረጃው ከእኔ ጋር እንዳልሆነ አውቃለሁ። መምህራኑም «ቀዳዳ» ማለት ከጀመሩ ቆይተዋል። ተማሪዎችዎ ግር እንዳይላቸው እርስዎም «ቀዳዳ» ይበሉ። እኔ በራሴ ጽሑፍ «በር» ማለቴን አልተውም።

እንግዲህ እንዲህ ይጻፉ፦ «በእርሾ ሴል ውስጥ አንዳንድ ጂኖች ሥራ ሲጀምሩ፣ በኒውክሊየሱ ቀዳዳዎች ዘንድ ይያዛሉ።» «አንዳንድ» የምትለዋን እንዳይዘሏት። ከዳር ርቀው ሥራቸውን የሚሠሩ ጂኖችም አሉ።