ሰማይ የሚታረሰው አለቃ ሲጠየቅ ነው

ውድ የድሬ ልጆች፣

ከእናንተ አንዳንዶቹ ድሮን ልትሠሩ ተሰባስባችኋል። አንዳንዶቹ መተግበሪያ ጀምራችኋል። ነፃ የንግድ ቀጠናው ላይ ዓይናችሁን የጣላችሁም አላችሁ። ትልቅ ነገር የጀመረ ቡድን እንዴት ይመራል ብላችሁ ጠይቃችሁኛል። እኔ በባቡር ጥገና ያረጀሁ ሰው ነኝ። ስለ ጠፈር ጉዞ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ እጄ የገባውን ሁሉ ሳነብ ኖሬያለሁ፤ መልሴም ከሁለቱም የተቀዳ ነው።

«ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» ይላሉ አበው። የሁለቱ ነገር ተያይዞ መነገሩ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ሰማዩን ያረሱት ሰዎች ታሪክ ሲነበብ፣ ማረስ የቻሉት አለቃን መጠየቅ በቻሉበት ቀን ነው። ያልቻሉበት ቀን ደግሞ ሰው ሞቷል።

ስለ ህልም አልሰብክም። ህልም አላጣችሁም። ድሬ ላይ ከሰዓት በኋላ በርጫ ተቀምጦ የማይመጥቅ ሮኬት የለም፤ ችግሩ ምርቃናው ሲወርድ ነው። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኬኔዲ እ.ኤ.አ. ሜይ 25 ቀን 1961 ይህ አሥርት ዓመት ሳያልቅ ሰው ጨረቃ ላይ እናሳርፋለን ሲል፣ አገሩ ሰው ወደ ጠፈር ልካ ያየችው አንዴ ብቻ ነበር። እሱም አለን ሼፐርድ ከ20 ቀን በፊት ያደረጋት የ15 ደቂቃ በረራ ናት። ንግግሩ ግሩም ነው። ጨረቃ ላይ ያደረሰው ግን እሱ ብቻ አይደለም።

ከዚያ ሁሉ ታሪክ እኔ አብዝቼ የምወደው ሌላ ነገር ነው። ሰው መጀመሪያ ጨረቃ ላይ ያረፈበት አፖሎ 11 ከመነሳቱ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በረራው በሚመራበት በሂውስተን ከተማ የማረፊያ ልምምድ ይደረግ ነበር። አሠልጣኞቹ ሆን ብለው ኮምፒውተሩ ላይ አንድ የማስጠንቀቂያ ቁጥር ለቀቁ። ኮምፒውተሩን የሚከታተለው ስቲቭ ቤልስ 26 ዓመቱ ነው። ቁጥሩን አላወቀውም፤ አደጋ መስሎት «ይቋረጥ» አለ። ልምምዱ ተቋረጠ። በኋላ ሲገመገም ማቋረጥ አልነበረባችሁም ተባሉ።

እንግዲህ እዚህ ጋ ቆም በሉ። እኛ ጋ ቢሆን ያ ልጅ ምን ይባል ነበር? «ሥራ አስፈታን»፣ «ፈሪ ነው»፣ «ሌላ ሰው ይተካ»። የበረራ ኃላፊው ጂን ክራንዝ ያዘዘው ሌላ ነው፤ ሊመጡ የሚችሉት ማስጠንቀቂያዎች በሙሉ አንድ በአንድ ይጠኑ አለ። የ24 ዓመቱ የኮምፒውተር ባለሙያ ጃክ ጋርማን ዝርዝሩን በእጁ ጻፈው። የትኛው ያስቆማል፣ የትኛው አያስቆምም፣ ሁሉንም። ወረቀቷን ጠረጴዛው ላይ አደረጋት።

ጁላይ 20 ቀን 1969 ጠፈርተኞቹ አርምስትሮንግና ኦልድሪን ወደ ጨረቃ እየወረዱ ሳለ፣ ከ10 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ኮምፒውተሩ «1202» አለ። አርምስትሮንግ ምን እንደሆነ ጠየቀ። ለመልስ ያለው ጊዜ ሴኮንዶች ናቸው። ጋርማን ዝርዝሩን ያውቀዋል፤ እየተደጋገመ ካልመጣ ችግር የለም ብሎ ለቤልስ ነገረው። ቤልስ «ቀጥሉ» አለ። ኮምፒውተሩ ሥራ በዝቶበት የማያስፈልገውን እየጣለ ዋናውን ይዞ ነበር፤ የተሠራውም እንዲህ እንዲያደርግ ነው። አረፉ።

ያችን ውሳኔ የወሰነው ልጅ በልምምዱ ቀን ተሰድቦ ቢሆን ኖሮ፣ በዚያች ሰዓት ድምፁ ይወጣ ነበር? እኔ አይመስለኝም።

ይህን ያህል የምተማመነው እዚሁ ድሬ በዓይኔ ያየሁት ስላለ ነው። ባቡር ከመነሳቱ በፊት አንድ ሠራተኛ መዶሻ ይዞ መንኮራኩሮቹን እየመታ ያልፍ ነበር። ደህናው ብረት ጥርት ያለ ረዥም ድምፅ ይሰጣል። የተሰነጠቀው ድፍን ይላል። ሥራው የጆሮ ነው። አንድ ማለዳ አንድ ተለማማጅ መታ፣ ጎንበስ አለ፣ እንደገና መታ። «ይሄኛው ልክ አይደለም» አለ። መንገደኛው ተሳፍሯል። ነጋዴ ሴቶቹ ጆንያቸው ላይ ተቀምጠው ይራገማሉ። ፎርማናችን ሳያንገራግር ፉርጎውን አስቆርጦ አስቀረው። ሲመረመር መንኮራኩሩ ምንም የለበትም። ሁላችንም የልጁን ፊት እናያለን፤ ላብ አጥምቆታል። ፎርማኑ ሁላችንም ፊት «ነገም እንዲህ ከሰማህ አስቁም» አለውና ወደ ሥራው ሄደ። ከዚያ ወዲያ በዚያ ዎርክሾፕ ተለማማጅ ሆኖ ያየውን ሳይናገር የሚያልፍ አልነበረም። ሰው እውነቱን ይናገር አይናገር የሚወስነው፣ ተናግሮ የተሳሳተው ጓደኛው ምን እንደደረሰበት አይቶ ነው።

ዝም አይነቅዝም ይባላል። ለሐሜት ይሁን። ለብረት ግን አይሠራም።

አሁን ወደ ክፉው ቀን። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 27 ቀን 1986 ማታ፣ ቻሌንጀር የተባለው የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር ሊነሳ ሰዓታት ሲቀሩት፣ በስልክ ስብሰባ ተደረገ። የጎን ሮኬቶቹን የሠራው ኩባንያ መሐንዲሶች ነገ ብርድ ነው፣ አይነሳ አሉ። የሮኬቱን መገጣጠሚያ የሚዘጋው የጎማ ቀለበት፣ እኛ መካኒኮች ኦሪንግ የምንለው፣ በብርድ ይደነድናል። እኛ ድሬ ላይ ጎማን የሚገድለው ሙቀት ነው፤ እዚያ ብርዱ ሆነ። መሐንዲሶቹ ቁጥርም ይዘው ነበር፤ ከ12 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች አትነሱ አሉ። በአሜሪካ የጠፈር ድርጅት በናሳ በኩል ያሉት አልወደዱትም። የኩባንያው አለቆች ለብቻቸው ተነጋገሩ፤ አንደኛው የምህንድስና ኃላፊውን የመሐንዲስ ባርኔጣህን አውልቅና የሥራ አስኪያጁን አድርግ አለው። ኃላፊው ሐሳቡን ቀየረ። በማግስቱ ጠዋት 2 ዲግሪ ገደማ ላይ ተነሳ። በ73ኛው ሴኮንድ ተበታተነ፤ 7 ሰው አለቀ።

በአጣሪው ኮሚሽን ፊት የፊዚክስ ሊቁ ሪቻርድ ፋይንማን የዚያን ጎማ ቁራጭ በትንሽ መቆንጠጫ ጨምቆ በረዶ ውኃ ያለበት ብርጭቆ ውስጥ ነከረው። አውጥቶ ሲለቀው ጎማው ቶሎ አልተመለሰም። አንድ ብርጭቆ ውኃ የሚያሳየውን ነገር፣ መሐንዲሶቹ ከአደጋው በፊት ባለው ማታ ተናግረው ነበር።

ልብ በሉ፣ እዚያ ማታ የጠፋው እውቀት አይደለም። ድፍረትም አልጠፋም፤ ተናግረዋል። የጠፋው የሚሰማ ነው። ቀድሞ «ደህና መሆኑን አረጋግጡልን» ይባል የነበረው፣ ያን ማታ «እንደሚበላሽ አረጋግጡ» ተባለ። ይህ በእናንተም ቡድን ሊመጣ ይችላል። ገንዘብ ሰጪው እየጠበቀ፣ የምርቃት ቀኑ ተቆርጦ፣ አንዷ ልጅ «ባትሪው ይሞቃል» ስትል «ማስረጃ አምጪ» ካላችኋት፣ ያው ስብሰባ ላይ ናችሁ።

ለምትናገሩትም አንድ ነገር አለኝ። «አልተመቸኝም» ብቻ አትበሉ። 12 ዲግሪ በሉ። ቁጥር የያዘ ስጋት ባይሰማ እንኳን ይመዘገባል። አለቆችም እያንዳንዱ ጩኸት ያስቁም አላልኩም። 1202 አላስቆመም፤ ያላስቆመው ግን በሰላሙ ጊዜ ስለተጠና ነው። ያስቆማል አያስቆምም የሚለው ክርክር ሥራው ጫፍ ላይ ሲደርስ አይጀመርም።

ሦስተኛው ታሪክ ከህንድ ነው፤ ለእኛ ይቀርበናል፤ እነሱም በድህነት የጀመሩ ናቸውና። እ.ኤ.አ. ኦገስት 10 ቀን 1979 ህንድ ሳተላይት እንድታደርስ የሠራችው የመጀመሪያ ሮኬት፣ ኤስኤልቪ-3፣ ከስሪሃሪኮታ ተነስታ ባሕር ውስጥ ገባች። የፕሮጀክቱ መሪ በኋላ የአገሪቱ ፕሬዚዳንት የሆኑት አብዱል ካላም ናቸው። ጋዜጠኞች ፊት የቀረቡት ግን የህንድ የጠፈር ድርጅት የበላይ ሳቲሽ ዳዋን ናቸው። ነቀፌታውን እሳቸው ተቀበሉ፣ በቡድኑ እንደሚተማመኑም ተናገሩ። በቀጣዩ ዓመት ጁላይ 18 ቀን ሁለተኛዋ ሮኬት ተሳካላት። ያን ጊዜ ዳዋን ካላምን ጠርተው ዛሬ መግለጫውን አንተ ስጥ አሏቸው።

እኛ ጋ ብዙ ጊዜ ተገልብጦ ነው የማየው። ሪባን ሲቆረጥ አለቃው ከፊት ነው። ሲበላሽ «ልጆቹ ናቸው» ይባላል። የድሬ ሰው አንቱታ አያበዛም፤ ሰፈር ውስጥ ሽማግሌውን ስሙን ጠርቶ ይቀልድበታል። ቢሮ ሲገባ ያ ሁሉ አንደበት የት እንደሚሄድ እንጃ።

የገዛ ከተማችንስ ብትሆን? ባቡሩ በመጀመሪያ የታሰበው ሐረር እንዲገባ ነበር። ተራራው ከበደ፣ ወጪው በዛ። እቅዱ ተለወጠ፣ ሐዲዱ ሐረርን በጎን ትቶ በሜዳው በኩል አለፈ፤ በ1902 እ.ኤ.አ. ድሬዳዋ ተቆረቆረች። ግቡ አዲስ አበባ ነበር፣ በ1917 እ.ኤ.አ. ደረሰ። ሐረር ካልገባን ሞተን እንገኛለን ያለ ሰው ቢመራው ኖሮ እኔና እናንተ የት እንደምንገናኝ አላውቅም።

እናም በሚቀጥለው ስብሰባችሁ ይህን አድርጉ። በዕድሜም በሥራም ትንሹ መጀመሪያ ይናገር፤ አለቃው መጨረሻ። «ምን ሊበላሽብን ይችላል?» የሚለው ብቻ ይነሳ፣ የተባለው ሁሉ በወረቀት ይጻፍ፣ ከጎኑ «ያስቆማል» ወይም «አያስቆምም» ይባልበት። ወረቀቱን ከሥራ ቦታችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉት። በጥዋት አድርጉት፣ ከበርጫ በፊት። ከዚራ ሰፈር ካፌ የምትቀመጡ ከሆነም ሻዩን አለቃው ይክፈል።