ሻኩንታላ በነሐስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ፓሪስ ውስጥ ለዓመታት ተዘግቶ በቆየ አፓርታማ የፈረንሳዊቷ ቀራፂ የካሚይ ክሎዴል የነሐስ ሐውልት ተገኘ ሲባል ሰምቻለሁ። ወንድሜ «የድሮ ድርሰት ገጸ ባሕርይ ናት» ይለኛል። እውነት ነው? ነሐስስ ደጋግሞ ከተቀዳ ቀዳሚው በምን ይለያል? — ሰ.

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ። ወንድምዎ ሁለት ሥራዎች ተምታተውባቸዋል። በ2024 እ.ኤ.አ. የተገኘው አንዲት አሮጊት ወንዱን ይዛ ስትሄድ፣ ወጣቷ ተንበርክካ ስትለምነው የሚያሳየው ነው። በ2025 በ3.1 ሚሊዮን ዩሮ ተሸጧል። እሱ ከድርሰት አልተወሰደም።

ከድርሰት የመጣችው ሻኩንታላ ናት። የጥንቱ የሕንድ ባለቅኔ ካሊዳሳ በሳንስክሪት ቋንቋ የጻፈው ድራማ ዋና ገጸ ባሕርይ ነች። ንጉሡ ጫካ ውስጥ አገኛት፣ አገባት። ከዚያ በአንድ ባሕታዊ እርግማን ፈጽሞ ረሳት። የሰጣት ቀለበት ውኃ ውስጥ ወድቆ ዓሣ ዋጠው፤ ዓሣ አጥማጅ ሲያገኘው ንጉሡ ሁሉንም አስታወሰ።

ክሎዴል የመረጠችው እንደገና የተገናኙባትን ቅጽበት ነው። ንጉሡ ተንበርክኳል። እሷ ደግሞ ከላይ ወደ እሱ ዘንበል ብላ ጉልበቷ የከዳት ትመስላለች። ይህን ሥራ ስትጀምር ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበረች። ብዙ ሰው ሐውልቱን ሲያይ ከቀራፂው ሮዳን ጋር የነበራትን ፍቅር ብቻ ይፈልጋል። እኔ ይሄ ያናድደኛል። የይቅርታን ክብደት በሁለት አካላት ሚዛን ማሳየት የራሷ ችሎታ ነው።

በ1888 በጄሶ ቀርቦ ምስጉን ተባለ። በ1905 ግን ስሙ ተለወጠ፦ እብነ በረዱ የሮማ አማልክትን ስም ያዘ፤ ነሐሱን ያስቀዳው የፓሪሱ ኡዤን ብሎ ደግሞ «አባንዶን» (በፈረንሳይኛ «መተው») አለው። ስለዚህ ነሐሱ በእጁ ያለ ሰው ሻኩንታላ መሆኗን ላያውቅ ይችላል።

ቀዳሚውን ለመለየት መጀመሪያ ፊርማውን፣ የኡዤን ብሎን ማኅተምና የቅጂውን ቁጥር ይፈልጉ። ፓሪስ የተገኘው ሥራ ላይ የብሎ ቁጥር 1 ነበረበት። ማኅተም ግን ይመሰላልና እሱ ብቻ አይበቃም። መለካት ያስፈልጋል። ነሐስ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ ከተጠናቀቀ ነሐስ ላይ ቅርጹ ተወስዶ እንደገና የተቀዳ ቅጂ ከዋናው በጥቂቱ ያንሳል። የጣቶችና የፀጉር ጫፎችም ይደነዝዛሉ። ከታወቀ ቅጂ ጋር ጎን ለጎን ሲታይ ልዩነቱ ይወጣል።

እንዲህ ያለ ነገር እጅዎ ከገባ፣ አደራ፣ እንዲያበራ ብለው አይፈትጉት። ጥቁሩ ወይም ቡናማው ሽፋን ቆሻሻ አይደለም፤ ሠሪዎቹ ራሳቸው ያወጡት ቀለም ነው፣ አንዴ ከተላጠ አይመለስም። ደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ይበቃዋል፤ የቀረውን ለባለሙያ ይተዉለት።