መልስ፦ አናቶሚ ማጥናት ነው ወይስ መቁረጥ?

ሰላም ወንድሜ። «አናቶሚ ማለት ሰውነትን ማጥናት ነው ወይስ መቁረጥ?» ብለህ ጠይቀሃል። በመነሻው መቁረጥ ነው። ግሪኮች «አናቶሜ» ሲሉ ቆራርጦ መክፈት ማለታቸው ነበር። ጥናቱ ስሙን ያገኘው ከሥራው ነው። ከላቲን የመጣው ዳይሴክሽንም ቆርጦ መለያየት ማለት ነው።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን «አርተሪ» (በአማርኛ ደም ቅዳ) የሚለው ስም ነው። ግሪኮች ይህንኑ ስም ለአየር ቧንቧም ይጠቀሙበት ነበር። ለምን መሰለህ? ሰው ሲሞት ደሙ በአብዛኛው ደም መልሶቹ ውስጥ ይከማቻል። አስከሬን ሲከፈት ደም ቅዳዎቹ ባዶ ሆነው ይገኛሉ። ስለዚህ ብዙዎች አየር የሚሄድባቸው ይመስላቸው ነበር። በ2ኛው ክፍለ ዘመን ግሪካዊው ሐኪም ጋሌን የሕያው እንስሳ ደም ቅዳ ሁለት ቦታ ላይ አስሮ መሃሉን ከፈተው። ያገኘው ደም ነው። ስሙ ግን እስከ ዛሬ አልተለወጠም።

«ደም ቅዳ» እና «ደም መልስ» በዚህ ረገድ ምርጥ ስሞች ናቸው። ከልብ የሚቀዳው ደም ቅዳ፣ ወደ ልብ የሚመልሰው ደም መልስ። ተማሪዎችን የሚያደናግረው ወደ ሳንባ የሚሄደው ቧንቧ እንኳ፣ የያዘው ደም ኦክስጅን ቢያንሰውም፣ ከልብ ስለሚቀዳ ያው ደም ቅዳ ነው።