ከሲያትል ያኪማ በመኪና፦ ለጠየቃችሁኝ ሁሉ

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ዋሽንግተን ስቴት፣ ከሲያትል ያኪማ ያለውን መንገድ ለዓመታት ተመላልሼበታለሁ። ከያኪማ ሸለቆ ፖም እጭናለሁ፤ ሲያትል አጠገብ ኬንት መጋዘን አራግፋለሁ፤ እንደገና እመለሳለሁ። ሰሞኑን ለሰርግም፣ ለዘመድ ጥየቃም ወደዚያ የምትነዱ ስለበዛችሁ ጥያቄዎቻችሁን ሰብስቤ እዚህ እመልሳለሁ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልበል። መንገዱ 142 ማይል ነው፤ 230 ኪሎ ሜትር ግድም። ብዙ ሰው ይህን ቁጥር አይቶ ይንቀዋል። እባካችሁ በማይል አትለኩት። መሃሉ ላይ ስኖኳልሚ የሚባለው የተራራ ማለፊያ አለ። ቀኑ መልካም ይሁን አይሁን የሚወሰነው እዚያ ነው።

ጥያቄ፦ አንድም ቀን ሄጄ አላውቅም። መንገዱን በአጭሩ ንገረኝ። ስንት ሰዓት ይፈጃል?

አየሩ ጥሩ ከሆነ 2 ሰዓት ከሩብ ግድም። ከመሀል ሲያትል አይ-90 የሚባለውን አውራ ጎዳና ወደ ምሥራቅ ትይዛለህ። መጀመሪያ የዋሽንግተን ሐይቅን ትሻገራለህ። ድልድዩ ውሃው ላይ የሚንሳፈፍ ነው፤ ከሥሩ ባዶ የኮንክሪት ሳጥኖች ተሸክመውታል። የመጀመሪያው በ1940 ተከፍቶ፣ በ1990 እድሳት ላይ እያለ በማዕበል ሰጥሟል። አሁን የምትነዳበት ከዚያ በኋላ የተሠራ ነውና አትስጋ።

ከዚያ ኢሳኳ፣ ኖርዝ ቤንድ፣ ተራራው፣ ክሊ ኤለም፣ ኤለንስበርግ። ኤለንስበርግ እንዳለፍክ ኤግዚት (መውጫ) 110 ላይ ወደ አይ-82 ትገባለህ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህች ጋ ነው። ምልክቱ «አይ-82 ኢስት» ይላል፤ አንተ ግን የምትሄደው ወደ ደቡብ ነው። ግራ አይግባህ፣ ትክክል ነህ። ካመለጠህም አትደንግጥ። ሃይዌይ ላይ ወደ ኋላ መንዳት የለም! 5 ማይል ወደፊት ኪቲታስ ላይ፣ ኤግዚት 115 ወጥተህ ትመለሳለህ።

ጥያቄ፦ እኛ የምንኖረው ኬንት ነው። የግድ ሲያትል መግባት አለብን? ክፍያስ አለው?

የለባችሁም። ስቴት ሩት 18ን ይዛችሁ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ውጡ፤ ኤግዚት 25 ላይ አይ-90ን ያገናኛችኋል። ከኦበርን፣ ከፌደራል ዌይ፣ ከታኮማ ለሚነሳም ይኸው ነው። አንዳንድ ቦታው ጠባብ ስለሆነ በዝናብና በጨለማ ቀስ በሉ።

አይ-90 ላይ ክፍያ የለም። የሚከፈልበት ከሰሜኑ በኩል ያለው የ520 ድልድይ ነው። በኪራይ መኪና የምትሄዱ ከሆነ ካርታው በ520 እንዳይወስዳችሁ አስተውሉ፤ ሒሳቡ ከአከራዩ ጭማሪ ጋር በኋላ ይመጣል።

ጥያቄ፦ መኪናዬ ቶዮታ ኮሮላ ናት። በኖቬምበር መጨረሻ ልሄድ አስቤ ነበር። ሰዎች ሰንሰለት ያዢ ይሉኛል። የምር ያስፈልጋል?

አዎ እህቴ፣ ያስፈልጋል። ለዚህኛው ረዘም አድርጌ እመልሳለሁ።

ስኖኳልሚ ላይ በአንድ ክረምት የሚጥለው በረዶ ቢደመር 10 ሜትር ግድም ይደርሳል። ሲያትል ዝናብ እያካፋ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ተራራው ላይ መሪሽን የማይሰማ በረዶ ውስጥ ልትገቢ ትችያለሽ። መንገድ ዳር ያለው የኤሌክትሪክ ሰሌዳ «ሰንሰለት ግዴታ» ካለ ኮሮላ ያለ ሰንሰለት ማለፍ አትችልም። ኦል ዊል ድራይቭ (በአራቱም ጎማ የሚጎትት) መኪና ማሰር ላይጠበቅበት ይችላል፤ ግን እሱም ቢሆን ሰንሰለቱን መያዝ አለበት። ቅጣቱ እስከ 500 ዶላር ነው። ሰንሰለቱ የሚገዛው ከዚያ በጣም ባነሰ ነው።

አሁን ደግሞ የደረሰብኝን ልንገርሽ። የመጀመሪያው ክረምቴ ላይ በራሴ የቤት መኪና እየሄድኩ ነበር። ሰንሰለቱን ስገዛ ሻጩ «ልክህ ነው» አለኝ፤ እኔም ካርቶኑን ሳልከፍት የመኪናው የኋላ ዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ ወረወርኩት። ተራራው ሥር፣ በቀኝ በኩል ሰንሰለት ማሰሪያ ሰፊ ቦታ አለ። እዚያ ቆሜ በረዶው ላይ ተንበርክኬ ባለብስ፣ መንጠቆውና ቀለበቱ በአራት ጣት ያህል አልደርስ አሉ። ጓንት አልያዝኩም። ብረቱ ጣቴ ላይ ይጣበቃል። በአጠገቤ የጭነት መኪናዎች ሲያልፉ የበረዶ ጭቃ አንገቴ ውስጥ ይገባል። ግማሽ ሰዓት ታግዬ ኖርዝ ቤንድ ተመለስኩ።

ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። ጎማሽ ጎን ላይ የተጻፈውን ቁጥር በስልክ ፎቶ አንስተሽ ይዘሽ ሂጂ። ሰንሰለቱን ስትገዢ ካርቶኑ ላይ ያንን ቁጥር ፈልጊ። ቤት ስትደርሺ፣ ደረቅ ቀን ላይ፣ አንድ ጊዜ አስረሽ ፍቺው። ኮሮላ የሚጎትተው በፊት ጎማው ስለሆነ የሚታሰረው የፊቱ ነው። ከታሰረ በኋላ በጣም ዝግ ብለሽ ነው የምትነጂው። ትንሽ ሄደሽ ቁሚና እንደገና አጥብቂው። ጓንት፣ የእጅ ባትሪ፣ የምትንበረከኪበት አሮጌ ምንጣፍ፣ ብርድ ልብስ፣ ውሃና የሚበላ ነገር ያዢ። የመስታወት ማጠቢያው ውሃም የማይረጋው ዓይነት ይሁን።

ከመነሳትሽ በፊት የዋሽንግተን ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ያዘጋጀውን አፕ ክፈቺ። ተራራው ላይ የተተከሉት ካሜራዎች መንገዱን አሁን እንዳለ ያሳዩሻል። እኔ ዛሬም ካሜራውን ሳላይ ቁልፍ አላዞርም።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እኔ በጣርማ በር በኩል ደሴ ስመላለስ ነው ያረጀሁት። ይህ ተራራ ምን ቢኖረው ነው እንዲህ የሚያስፈራራው?

አባቴ፣ እውነትዎን ነው። በከፍታማ ከሆነ ስኖኳልሚ 921 ሜትር ብቻ ነው፤ የአዲስ አበባን ግማሽ እንኳ አይሞላም። ጣርማ በር ከ3000 ሜትር በላይ ነው። መንገዱም ሰፊ ነው፤ ሂያጁና መጪው የተለያየ ነው፤ እንደኛ አገር ጠመዝማዛ ገደል የለውም። ዳገቱ እርስዎን አያስቸግርም።

የሚለየው በረዶው ነው። ጭቃ ላይ ጎማ ሲሽከረከር ይሰማዎታል፤ መኪናው ይነግርዎታል። አስፋልቱ ላይ እንደ መስታወት የረጋ ስስ በረዶ ግን ምንም አይናገርም። መንገዱ እርጥብ ብቻ ይመስላል። በተለይ ማለዳና ማታ፣ ድልድይ ላይና ጥላ ያለበት ቦታ እሱ አለ።

እርስዎ የሚያውቁት ትልቁ ነገር ግን እዚህም ይሠራል። ቁልቁለት በማርሽ እንጂ በፍሬን አይወረድም። አውቶማቲክም ቢሆን ዝቅተኛ ማርሽ አለው። ከፊትዎ ካለው መኪና ራቅ ይበሉ፤ መሪም ፍሬንም በእርጋታ። ቢንሸራተት እግርዎን ከነዳጁ ላይ ያንሱና መሪውን መሄድ ወደሚፈልጉበት ያቅኑ። ፍሬኑን አይርገጡት፤ ያኔ ነው የሚሽከረከረው።

ጥያቄ፦ ሦስት ልጆች ይዤ ነው የምሄደው፤ ትንሹ አራት ዓመቱ ነው። የት የት ልቁም?

ኖርዝ ቤንድ፣ ኤግዚት 31 አንዴ ቁሚ። ጋዝም፣ ምግብም፣ መጸዳጃም አለ። ተራራውን ከወረድሽና ክሊ ኤለምን ካለፍሽ በኋላ፣ 89ኛው ማይል አካባቢ ኢንዲያን ጆን ሂል የሚባል ማረፊያ አለ። ንጹሕ ነው፤ ልጆች የሚሮጡበት ሣር አለው። እዚያ ቆመው የያዙትን ዳቦና ሻይ የሚቀማምሱ ሐበሾች ብዙ ጊዜ አያለሁ፤ ደስ ይለኛል። ኤለንስበርግ ላይ ደግሞ ሁሉም ነገር ይገኛል።

የዋሽንግተን ሕግ ቁመቱ 4 ጫማ ከ9 ኢንች (145 ሴንቲ ሜትር) ያልደረሰ ልጅ በልጅ ወንበር ወይም ከፍ አድርጎ በሚያስቀምጥ ወንበር (ቡስተር) እንዲቀመጥ ያዛል። ከ13 ዓመት በታች ያለ ከኋላ ይቀመጥ። «ቅርብ ነው፣ ልቀፈው» የሚል ዘመድ ካለ እሺ አትበዪ፤ ቢቆጣም ይቆጣ። በዚህ መንገድ ላይ ያየኋቸው አደጋዎች አሉ፤ ስለዚህ ነው የምለምንሽ።

ጥያቄ፦ ጋዝ የት ልሙላ? ቴስላ የያዘስ?

ኖርዝ ቤንድ ወይም ኤለንስበርግ። ከኤለንስበርግ ወጥተህ አይ-82 ከገባህ ያኪማ አጠገብ ያለችው ሲላ እስክትደርስ፣ 25 ማይል ያህል፣ ማደያ የለም። ደረቅ ኮረብታ ብቻ ነው፤ ማናስታሽ የሚባለው ዳገት 800 ሜትር ግድም ይደርሳል። ቴስላ ኤለንስበርግ ላይ ይሞላል። ዳገትና ብርድ ባትሪ ይበላሉና ከሲያትል ስትነሳ ሙሉ ይሁን።

ጥያቄ፦ በስንት ሰዓት ብነሳ ይሻለኛል?

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሲያትል በሙሉ ወደ ምሥራቅ ይወጣል። እሁድ ከሰዓት ደግሞ ሁሉም በአንዴ ይመለሳል። እሁድ ከምሳ በፊት ተነሳ፤ አለዚያ ከክሊ ኤለም ጀምሮ መኪና ተከትለህ ልትቆም ትችላለህ። በበጋ ከተራራው ምሥራቅ የመንገድ ማስፋት ሥራ አለ፤ ሌን ይዘጋሉ። በክረምት ከሆነ ብርሃን ሳለ ተራራውን እንድታልፍ አስበህ ተነሳ። እኔ ጠዋትን እመርጣለሁ።

ሌላም ልጨምር፣ አልተጠየቅኩም ግን። የግራ ሌን ለመቅደሚያ ነው። ቀድመህ ወደ ቀኝ ተመለስ።

ጥያቄ፦ ከአገር ቤት ከመጣሁ ሁለት ወር ሆነኝ። በኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ መንዳት እችላለሁ?

ልትኖር ነው የመጣኸው? እንግዲያው ሕጉ በ30 ቀን ውስጥ የዋሽንግተን መንጃ ፈቃድ አውጣ ይላል። አንተ ሁለት ወርህ ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ እሱን ጨርስ። እስከዚያ ሌላ ሰው ይንዳ። ለጉብኝት የመጣ ዘመድ ግን በአገሩ ፈቃድ እስከ አንድ ዓመት መንዳት ይችላል። የሰው መኪና ከሆነ ባለቤቱ ኢንሹራንሱ ጋ ደውሎ «ዘመዴ ሊነዳ ነው» ይበል። አምስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

ጥያቄ፦ ስልኬ እየመራኝ ነው የምነዳው። ችግር አለው?

በእጅሽ ከያዝሽው አለው። ዋሽንግተን ውስጥ መብራት ላይ ቆመሽም ቢሆን ስልክ መያዝ ክልክል ነው። ማስቀመጫ ግዢለት፤ አድራሻውን ሳትነሺ አስገቢ፤ ካርታውን አውርደሽ ያዢ። ተራራው ላይ ኔትወርክ የሚቆራረጥበት ቦታ አለ።

ጥያቄ፦ ተራራው ከተዘጋ ሌላ መንገድ አለ?

አለ፤ ግን አይመከርም። ቺኑክ የሚባለው ማለፊያ በክረምት ጭራሽ ዝግ ነው። ዋይት ፓስ ክፍት ነው፤ ግን 4500 ጫማ ነውና ከስኖኳልሚ በጣም ይበልጣል፤ ዙሩም ረጅም ነው። ከበረዶ ሸሽተህ ወደ ባሰ በረዶ መሄድ ይሆናል። ብዙ ጊዜ ስኖኳልሚ የሚዘጋው በአደጋ ነው፤ ወይም መሥሪያ ቤቱ የበረዶ ናዳውን ራሱ በፈንጂ ሲያወርደው። ኖርዝ ቤንድ ቡና ይዘህ ጠብቅ። ካልተከፈተ ቤትህ ተመለስ። እኔም ጭነት ይዤ የተመለስኩባቸው ቀናት አሉ፤ ፖሙ በማግስቱም ደረሰ።

ጥያቄ፦ በበጋ ልጆቼን ፍራፍሬ ላስለቅም አስባለሁ። መቼ ልሂድ? የሚያምር መንገድስ አለ?

ይሄን ጥያቄ ወደድኩት። ቼሪ በጁንና ጁላይ፣ ኮክ በኦገስት፣ ፖም በሴፕቴምበርና ኦክቶበር ይደርሳል። ተራራው ዝናቡን ወደ ሲያትል በኩል ስለሚያስቀረው ያኪማ ደረቅ አገር ነው፤ በመስኖ ነው የሚለማው። ጫካው አልቆ በድንገት ሰማዩ ሲከፈትና የደረቅ ሣር ሽታ በመስኮት ሲገባ፣ አገር ቤት ስምጥ ሸለቆን የነዳ ሰው ልቡ ትር ይላል።

በረጃጅም ምሰሶ ላይ በገመድ የተንጠለጠለ አረንጓዴ ሐረግ ታያላችሁ። ሆፕስ ነው። ጌሾ ለጠላ የሚሠራውን ሥራ ይህ ለቢራ ይሠራል። ከአሜሪካ ሆፕስ አብዛኛው የሚበቅለው በዚህ ሸለቆ ነው። የሚለቀመው በኦገስት መጨረሻና በሴፕቴምበር ሲሆን፣ ያኔ መዓዛው መኪና ውስጥ ድረስ ይገባል። ለልጆቻችሁ ስለ ጌሾ የምትነግሩበት ጥሩ አጋጣሚ ነው።

ለመንገዱ፣ ከኤለንስበርግ አይ-82ን ትታችሁ ስቴት ሩት 821ን ያዙ። የያኪማን ወንዝ ተከትሎ በገደሉ መሃል 25 ማይል ያህል ይጓዛል። ቀስ ብለው የሚነዱበት ነው። ቀንዳቸው የተጠቀለለ የዱር በጎች ገደሉ ላይ ቆመው ሊታዩ ይችላሉ። ወንዙ ዳር ማረፊያ አለ፤ ግን ውሃው ፈጣን ነውና ልጆቹን አትልቀቋቸው።

ጥያቄ፦ ቅዳሜ ረፋድ ላይ የእህቴ ልጅ ሰርግ ያኪማ ነው። ትንበያው ከዓርብ ማታ ጀምሮ በረዶ ይላል። ልሂድ ወይስ ልቅር?

ሂጂ፤ ግን ቅዳሜ ጠዋት አትነሺ። ለዓርብ ከሥራ ፈቃድ ጠይቂና በጠዋት ተነስተሽ በብርሃን ተራራውን እለፊ። ያኪማ እደሪ። የአበሻ ቀሚስሽን አንጠልጥለሽ፣ እግርሽ ላይ ግን ቡት ጫማ አድርጊ። እሁድ መመለሻሽ ላይ ደግሞ ኤለንስበርግ ስትደርሺ ቁሚና ካሜራውን እዪ። የማያሳልፍ ከሆነ እዚያው እደሪ፤ ሰኞ ጠዋት መንገዱ ይጠረጋል። ለአለቃሽ ከዓርቡ ፈቃድ ጋር «ሰኞም ልዘገይ እችላለሁ» ብለሽ ከአሁኑ ንገሪው።