«የመንዝ ልጅ ነኝ፤ ሶማሌ 12 በመቶ ከየት መጣ?»

ጥያቄ፦ ይድረስ ለተከበሩ መምህር። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው፤ በአባቴም በእናቴም የመንዝ ልጅ ነኝ። ቨርጂኒያ ያለችው ታናሽ እህቴ ልትጠይቀኝ ስትመጣ ምራቅ የሚጠራቀምበት ብልቃጥ ይዛ መጥታ የእኔንም የራሷንም ዘረ መል አስመረመረች። የእኔ ውጤት «ኢትዮጵያና ኤርትራ 81፣ ሶማሌ 12፣ ዓረብና የመን 7 በመቶ» ይላል። የእሷ «ኢትዮጵያና ኤርትራ 90፣ ሶማሌ 4፣ ግብፅ 6 በመቶ» ነው። ይህን የሰማ አንድ ዘመዳችን ለቅሶ ቤት ተቀምጦ «የአንዳቸው አባት ሌላ ሳይሆን አይቀርም» አለ። እናታችን በሕይወት የለችም። ስሟ እንዲህ መነሣቱ እንቅልፍ ነሥቶኛል። የውጤቱን ፎቶግራፎች አያይዣለሁ። ስሜ አይጠቀስብኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ እንቅልፍ ከነሣዎት ነገር ልጀምር። ከላኩልኝ ፎቶግራፎች በሦስተኛው ላይ፣ ከእህትዎ ስም ግርጌ በደቃቅ ፊደል «2,587 ሴንቲሞርጋን» የሚል ጽሑፍ አለ። በቀለም ያሸበረቀውን ካርታ ሲመለከቱ ይህችን መስመር ያለፏት ይመስለኛል። ሴንቲሞርጋን ሁለት ሰዎች በውርስ የሚጋሩት ዘረ መል የሚለካበት ነው። በአንድ አባትና በአንድ እናት የተወለዱ በአማካይ ወደ 2,600 ይጋራሉ፤ በአባት ብቻ ወይም በእናት ብቻ የሚገናኙ ግን ወደ 1,750። እርስዎና እህትዎ የአንድ አባትና የአንድ እናት ልጆች ናችሁ። ይህን ለዘመድዎ ይንገሩት፤ እኔ ብሆን ያንኑ ለቅሶ ቤት የነበሩት ሁሉ በተሰበሰቡበት ነበር የማነብለት።

ታዲያ ቁጥሩ ለምን ተለያየ? ልጅ ከአባቱ ግማሽ፣ ከእናቱ ግማሽ ይወርሳል፤ ሁለት ልጆች ግን ያንኑ ግማሽ አይወርሱም። በአንድ ቦታ ላይ ለእርስዎ የደረሰዎት አባትዎ ከእናታቸው ያገኙት ቁራጭ ሲሆን፣ በዚያው ቦታ ለእህትዎ የደረሳት ከአባታቸው የመጣው ሊሆን ይችላል። ከአንድ አያት የሚደርሰንም በአማካይ ሩብ ነው ይባላል እንጂ አንዱ ከሩብ በላይ፣ ሌላው ከሩብ በታች ያገኛል። ባዮሎጂ ሳስተምር ተማሪዎቼ ይህን ለፈተና ይሸመድዱታል፤ ከልባቸው የሚያምኑት ግን ጥቂቶች ነበሩ።

ወደ ሶማሌውና ወደ ዓረቡ ልሂድ። እነዚህ ድርጅቶች የጥንት አባቶቻችንን መዝገብ አላገኙም። የሚሠሩት በዛሬ ሰዎች ነው፤ አያቶቻቸው በአንድ አካባቢ የተወለዱ ሰዎችን ናሙና ይሰበስቡና የእርስዎን ዘረ መል ቁራጭ በቁራጭ ከእነርሱ ጋር እያስተያዩ «ይህ ይበልጥ ማንን ይመስላል?» ብለው ይመድባሉ። ስለዚህ «ሶማሌ 12 በመቶ» ማለት ከቅድመ አያቶችዎ አንዱ ከሶማሌ መጡ ማለት አይደለም። በድርጅቱ እጅ ካሉት ናሙናዎች መካከል ይህን ያህሉ ለሶማሌዎቹ ቀረበ ማለት ነው። አማራው፣ ኦሮሞው፣ አርጎባው፣ አፋሩና ሶማሌው የሚጋሩት ጥንታዊ ዘር ብዙ በመሆኑ፣ አንዱን ቁራጭ ከዚህ ወይም ከዚያ ሳጥን መክተት ለኮምፒውተሩም ግምት ነው። በላኩልኝ ካርታ ላይ መንዝ የሚል ሳጥን አላየሁም።

የመኑና ግብፁም ከዚሁ የራቀ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ አንድ ጥናት የሴማዊና የኩሻዊ ቋንቋ ተናጋሪ ኢትዮጵያውያን ዘረ መል ከ40 እስከ 50 በመቶ ያህሉ ከአፍሪካ ውጭ ካሉ ሕዝቦች ጋር እንደሚዛመድ፣ ውህደቱም የተፈጸመው ከ3,000 ዓመት ገደማ በፊት እንደሆነ ገምቷል። ኮምፒውተሩ ይህን አሮጌ ድርሻ አብዛኛውን «ኢትዮጵያ» በሚለው ሥር ያስገባዋል፤ ወሰኑ ላይ የቀረውን ለእርስዎ የመን፣ ለእህትዎ ግብፅ ብሎ ይሰይመዋል። ድርጅቱ ናሙና ጨምሮ ስሌቱን ሲያድስ ሁለቱም ሊለወጡ ይችላሉ፤ ያን ጊዜ ደግሞ አትደንግጡ።

«በአባቴም በእናቴም» ባሉት ላይ ግን ትንሽ ልሟገትዎ። ሰው እስከ ሰባት ቤት ወደ ላይ ቢቆጥር፣ ሁለት፣ አራት፣ ስምንት እያለ 254 ወላጆች ይኖሩታል። ብዙዎቻችን ሰባት ቤት ቆጠርን ስንል ግን የምንጠራው የሰባት ወንዶችን ስም ነው። ድሮ እንዲህ አልነበረም። ርስት በእናትም በአባትም ስለሚወረስ፣ ሙግት ያለበት ሰው የሴት አያቶቹን ትውልድ ጭምር ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። የየካቲት 1967ቱ የመሬት አዋጅ ርስትን ሲያስቀር የሴቶቹን ስም የምንይዝበት ምክንያትም አብሮ ቀረ ብዬ አስባለሁ።

ሀገራችንም ዝግ አልነበረም። ከአንኮበር ቁልቁለቱን ሲወርዱ የሚገኘው አልዩ አምባ ከታጁራና ከሐረር የሚመጡ ነጋዴዎች የሚራገፉበት ገበያ ነበር፤ ይፋትም ከዚያ በፊት የሱልጣኖች አገር ነበር። ከአልዩ አምባ አጠገብ በአብዱል ረሱል ከደቡብና ከምዕራብ የተነጠቁ ሰዎች በባርነት ይሸጡ ነበር። ከእነዚያ ሴቶች መካከል በሸዋ ቤቶች ወልደው የቀሩ አሉ፤ የልጅ ልጆቻቸው ይህን ሲያወሩ አይሰማም። የጡት ልጅ ሆኖ የተቆጠረም አለ። በእርስዎ ቤት ይህ ሆኗል አላልኩም፤ ከውጤትዎም ይህን ማንበብ አይቻልም። ማወቅ ከፈለጉ ካርታውን ይተዉትና ከእናትዎ ወገን በዕድሜ የገፉትን ሴት የእናታቸውን እናት ስምና የትውልድ ቀበሌ ይጠይቁልኝ።

አንድ ነገር ልጨምር። ሌላ ዘመድ «እኔም ልመርመር» ካለ አስቀድሞ ይምከር። ሴንቲሞርጋኑ እናንተን እንዳስታረቀ ሌላውን ቤት ሊያፈርስ ይችላል። መረጃውም ሁልጊዜ በአስተማማኝ እጅ አይቀመጥም፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ትዌንቲ ስሪ ኤንድ ሚ ከተባለው የአሜሪካ ድርጅት የ6.9 ሚሊዮን ያህል ደንበኞች መረጃ ተሰርቋል።

ጥያቄ፦ ከመሐል ሜዳ ነው የምጽፈው። ላገባት ካሰብኳት ልጅ ጋር ሰባት ቤት አትሞሉም እንዳንባል ፈርቻለሁ። የዘረ መል ምርመራ የሽማግሌዎቹን ቆጠራ ሊተካልኝ ይችላል?

መልስ፦ አይተካም፣ ልጄ። አንድ ቅድመ አያት የሚጋሩ ሰዎች ዝምድናቸው በምርመራው አይሰወርም ማለት ይቻላል። አንድ ቤት ሲርቅ ከአሥሩ አንዱ ያህል ያመልጣል፤ ሌላ ቤት ሲጨመር ግማሽ ያህሉ አይታይም፤ ሰባተኛው ላይ አብዛኛው ይጠፋል። ዝምድናው ስለሌለ አይደለም፤ ከዚያ የጋራ አያት ለሁለቱም የደረሰ አንድ ዓይነት ቁራጭ ስለሌለ ነው። ስለዚህ «ዝምድና አልተገኘም» የሚል ወረቀት ይዘህ ብትቀርብ ሽማግሌዎቹ አይቀበሉህም፤ ልክም ናቸው። ለምርመራው የምታወጣውን ገንዘብ ለድግሱ አስቀምጠውና የልጅቱ ሴት አያቶች ከየትኛው ቀበሌና ከየትኛው ደብር እንደመጡ አጣራ። ቆጠራው ብዙ ጊዜ የሚገጥመው በእነርሱ በኩል ነው፤ ሽማግሌዎቹም መጀመሪያ የሚጠይቁህ ይህንኑ ነው።