በረንዳሽ ላይ አንዱን ባልዲ ለጨዋታ ተዪው

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። ልደታ ኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ ጎመንና ቆስጣ ታበቅያለሽ። ግን ከሥራ ደክሞሽ ስትገቢ ውኃ ማጠጣቱ ሌላ ሥራ ሆኖብሻል። ልጆችሽ ደግሞ ዞር ብለው አያዩትም። «እናንተ እንዴት ነው የምትደሰቱበት?» ነው ያልሽው። እኔ የምተክለው ጊንፍሌ አካባቢ፣ ከጎረቤቶቼ ጋር በምንጋራት ጠባብ ግቢ ውስጥ ነው። ስለ አፈርና ስለ ፍግ ብዙ ሰው ስለመለሰልሽ እሱን ልተወው።

እንደ እኔ ደስታውን የሚያጠፋው የጎመን ሒሳብ ነው። «ይሄ ባልዲ የስንት ብር ጎመን ይሰጠኛል?» ማለት ከጀመርሽ ከጉሊት ጋር ውድድር ገባሽ ማለት ነው። ጉሊት ደግሞ ሁሌም ያሸንፍሻል። የሚበላውን ትከዪ፣ ግድ የለም። ግን አንዱን ባልዲ ከሒሳቡ አውጪው። ምንም ባይሰጥ የማይቆጭሽ፣ ለጨዋታ ብቻ የተቀመጠ ይሁን።

ከልጆቹ ጋር በፌጦ ጀምሪ። ፌጦን ሁላችንም የምናስታውሳት ሆዳችንን ሲቆርጠን ነው፤ ለጨዋታ ግን እሷን የሚያህል የለም። ውኃ ሲነካት የሚያዳልጥ ነገር ታወጣና ያረፈችበት ላይ ጥብቅ ትላለች። በሁለት በሦስት ቀን ትበቅላለች፤ ለብርድ ጊዜ ትንሽ ጨምሪ። እንቁላል ስትሠሪ ቅርፊቱን አናቱ ላይ ብቻ ክፈቺና እጠቢው። ውስጡ እርጥብ ጥጥ ክተቺ። ልጆቹ በእስክሪፕቶ ዓይንና አፍ ይሳሉበት። ፌጦውን ጥጡ ላይ በትነው መስኮት ጋ ያስቀምጡት። ብዙም ሳይቆይ እንቁላሉ ጎፈሬ ያበቅላል። ከዚያ መቀስ ስጫቸውና ጸጉር አስተካካይ ይሁኑ። የእኔ ልጅ መሃሉን ባዶ ትቶ ዙሪያውን ብቻ ዘራ፤ የአጎቱ መላጣ መሆኑ ነው። አጎትየው ራሱ እስኪበቃው ሳቀ። የተቆረጠው ፌጦ ደግሞ አይጣልም፤ ትንሽ ስለሚያቃጥል ሰላጣ ላይ ነስነስ ሲደረግ ይጣፍጣል።

ሰኔ ሲገባ ባቄላ ሞክሩ። ረዘም ያለ ሳጥን ካገኘሽ አፈር ሙዪና በጣትሽ ሁለት ረድፍ፣ በየረድፉ ስድስት ጉድጓድ አውጪ። አሁን ገበጣ አለሽ። ጠጠሩ ራሱ ባቄላው ነው። የፈለጋችሁትን ያህል ተጫወቱ። ሲበቃችሁ በየጉድጓዱ ሁለት ሁለት ፍሬ ትታችሁ አፈር አልብሱት፤ ጥልቀቱ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ይበቃዋል። እኛ ቤት ያሸነፈ ረድፉን ይወስዳል። እሸቱ ሲደርስ የሚፈለፍለው ደግሞ የተሸነፈው ነው። መቼም የገበጣ ጭቅጭቅ አያልቅምና ማን እንዳሸነፈ የሆነ ቦታ ጻፉት።

ባቄላ ያልኩሽ ዝም ብዬ አይደለም። የደጋ ሰብል ነው። የከተማችን መሃል ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ስለሆነ ብርዱ ይስማማዋል። ቲማቲምን ግን ክረምት ላይ ለልጅ አትስጪው። ዝናብና ብርድ ሲደራረብበት ቅጠሉ ይጠቁራል፣ ፍሬውም ይበሰብሳል። ልጅ ደግሞ የጀመረው ነገር ዓይኑ እያየ ሲሞት ሁለተኛ አይመለስም። እሸቱን በልታችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ አንዱን ባቄላ ከነሥሩ ንቀሉት። ሥሩ ላይ ትንንሽ እባጮች አሉ። ውስጣቸው የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ከአየር ላይ ናይትሮጅን ወስደው ለተክሉ የሚቀልቡት ናቸው። እባጩን በጥፍር ሰንጥቂው፤ ውስጡ ሮዝ ከሆነ ሥራ ላይ ነበሩ ማለት ነው። ትልቁ ልጄ የሳይንስ ደብተሩን በገዛ ፈቃዱ ሲከፍት ያየሁት ያን ቀን ነው።

ፀሐይ የሚያገኝ ጥግ ካለሽ አንድ የሱፍ አበባም ጣል አድርጊ። ለጋ እያለ ጠዋት ወደ ምሥራቅ ያያል፣ ማታ ወደ ምዕራብ ዞሮ ታገኚዋለሽ፣ ሌሊቱን ይመለሳል። ካበበና ከጎለመሰ በኋላ ግን ወደ ምሥራቅ እንዳየ ይቀራል። ውርርድ ለሚወዱ ልጆች ጥሩ ነው።

ለአዋቂውስ? እኛ ግቢ ቡና ሲፈላ የቅጠል እንቆቅልሽ እንጫወታለን። የአንዱ ዓይን በነጠላ ይሸፈናል። ጤና አዳም፣ በሶብላ፣ ኮሰረት፣ ጦስኝ፣ ናና፣ ካለው አንዱ ተቀንጥሶ አፍንጫው ሥር ይቀርብለታል። «እንቆቅልሽ!» «ምን አውቅልሽ!» ያላወቀ አገር ይሰጣል። ጤና አዳምን የሚስት የለም። ኮሰረትና በሶብላ ላይ ግን ቅቤ ሲያነጥሩ የኖሩ ሴቶች ሁሉ ሲምታታባቸው አይቻለሁ። አንዲት ጎረቤታችን ጎንደርን፣ ሐረርን፣ ጅማን ሰጥተው ሲጨርሱ «ከእንግዲህ ጊንፍሌን አልሰጥም፣ የምተኛበት ልጣ!» ብለው ነጠላቸውን ፈቱ። ለዚህ ጨዋታ ሦስት አራት ቆርቆሮ ጣሳ ይበቃል፣ በረንዳ ላይ ቦታ አይፈጅም። አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ። የጤና አዳም ጭማቂ ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ሲያገኘው ሊያቃጥል ይችላል። ልጆቹ ከነኩት በኋላ እጃቸውን ይታጠቡ።

ግቢ ያላችሁ ደግሞ ዱባ አትለፉ። ፍሬው ገና ቡጢ ሲያክል ላዩን በጥፍር ጫር አድርጎ ስም መጻፍ ነው። በጥልቀት እንዳይሆን ብቻ። ጭረቱ ይድንና ጠባሳው ከዱባው ጋር እያደገ ስሙ ይጎላል። ስሙ የተጻፈበትን ዱባ ወጥ አልበላም የሚል ልጅ እስካሁን አላየሁም።

ቀለም የተቀባ ጎማና የፕላስቲክ ቢራቢሮ ግዢ የሚሉሽን አትስሚ። ለፎቶ ያምራሉ፣ በሳምንቱ ዓይን ይለምዳቸዋል።

ውኃ ማጠጣቱን በተመለከተ፣ ልጆቹን «ሂዱ አጠጡ» ብለሽ አትዘዢ። ትእዛዝ ከሆነ ከዕቃ ማጠብ እኩል ይጠሉታል። የሃይላንድ ክዳን በጋለ ምስማር አንቺው ብሺላቸውና ጠርሙሱን ብቻ ስጫቸው። ግማሹን እርስ በርስ ይረጫጩበታል፣ ይሁን። ውኃ በፈረቃ በምታገኙበት ሳምንት ጎመንና ሩዝ ያጠብሽበትን አቆይላቸው፤ ለተክሉ ምንም አይለውም።

ከዚያ በፊት ግን ከባልዲዎቹ ሥር ሰፋ ያለ ሳህን አድርጊ። ከሥርሽ ልብስ የሚያሰጣ ጎረቤት ካለ ጭቃ ውኃ ነጭ አንሶላ ላይ ወርዶ ጨዋታው በአንድ ቀን ይቆማል። ከተቻለሽ ደግሞ አንዱን ባለጎፈሬ እንቁላል ቀድመሽ ለእነሱ ላኪላቸው።